መሃሉን የሳተ ሰው

እንደ አገሩ አቆጣጠር በ፲፰፻፺፭ ዓመት፣ ፌብሩዋሪ በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ በእንግሊዝ አገር ከኢሊ ከተማ በስተሰሜን የተዘረጋው ረግረግ መስክ ከዳር እስከ ዳር ረግቶ፣ እግር በነካው ቁጥር እንደ ተመታ ብረት ይጮኽ ነበር። ገበሬዎቹ በመጸው የወንዙን የውኃ መዝጊያ በር ከፍተው ያስተኙት ውኃ ግግር በረዶ ሆኖ ሳምንታት ሰንብቷል፤ ጀልባዎች በቆሙበት ታስረዋል፤ ዳክዬዎች በሸንበቆው ውስጥ እንደ ተቀመጡ ደርቀው ተገኝተዋል፤ መሬቱ ማረሻ አላስገባ ስላለም፣ ሥራ ያጡ የቀን ሠራተኞች መጥረጊያ ይዘው ለተንሸራታቾች ሊጠርጉ ወደ በረዶው ወርደዋል። በዚያ አገር ውርጭ እንግዳ ነው፤ ሳይልክ ይመጣል፤ ሳይሰናበት ይሄዳል፤ አንዳንዴም ለዓመታት ደብዛው ይጠፋል።

ወይዘሪት ቴርዛ አቭሊንግ ይህን እንግዳ ስትጠብቅ ነበር ያደገችው። አባቷ የአውራጃው ሐኪም ነበሩ፤ በዘጠኝ ዓመቷ ስለት ያለው የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ አስረውላት በረዶ ላይ አቆሟት፤ በሃያ ዓመቷ ሞቱባት። በሃያ ስድስት ዓመቷ በአንድ እግር ቆማ በበረዶው ላይ የምትስለው ቅርጽ በኮምፓስ የተሠራ ይመስል ነበር። የአካባቢው የተንሸራታቾች ማኅበር ግን ሴቶችን የሚያውቃቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ብርድ ልብስ ተደርቦላቸው፣ በወንዶች ሲገፉ ነው። የማኅበሩን አንደኛ ደረጃ ፈተና ያለፈ ሰው የብር ዓርማ ይቀበላል፤ ከዳኞች ጋር ይቀመጣል፤ ሌሎችን የመፈተን መብት ያገኛል። ሴት አትፈተን የሚል ደንብ አልነበረም፤ እንዲህ ያለ ነገር ይመጣል ብሎ ያሰበ ስላልነበረ። ቴርዛ በዚያ ቀዳዳ ገባች። እሷ ካለፈች ከኋላዋ የሚመጡትን ሴቶች የምትፈትናቸው እሷ ትሆናለች፤ ከወደቀች ግን ደንቡ በዚያው ክረምት ሁለተኛ አያስሞክርም፤ የሚቀጥለው ውርጭ መቼ እንደሚመጣ ደግሞ የሚያውቅ የለም።

በዚያ ጠዋት ከበረዶው ዳር ባለ ግንድ ላይ ተቀምጣ የጫማዋን ጠፍር ስታጠብቅ አምብሮዝ ሴቸል ከፊቷ ተንበረከከ። የጠበቃ ጸሐፊ ነው፤ ከመበለት እናቱ ጋር ከወንዙ በር አጠገብ ይኖራል፤ ከገና ጀምሮም የእጮኝነት ቀለበቱን አድርጋለታለች። በዚያው ቀን፣ በዚያው ቡድን፣ እሱም ተፈታኝ ነበር።

«ተነሥ፤ ራሴ አስረዋለሁ» አለችው።

«ሰው እያየኝ? ወንድ ቆሞ ሴት ጫማ ስታስር ካዩ እኮ ከማኅበሩ ያባርሩኛል።»

«አምብሮዝ፣ ስማኝ። መሃል ላይ ስንገናኝ ከመሃሉ ምልክት በግራና በቀኝ ለየራሳችን ያለን ክፍተት አንድ መዳፍ ነው። እንዳትራራልኝ።»

«መቼ ራርቼልሽ አውቃለሁ? ትናንት የመጨረሻዋን ኬክ ማን በላ?»

«አልቀለድኩም። ቀሚሴ ቢነካህ ይንካህ። ብወድቅም ልውደቅ። መስመርህን እንዳትለቅ።»

ቀና ብሎ አያት፤ ፈገግታው ጠፋ።

«አልለቅም» አለ፤ «ቃሌ ነው።»

አምብሮዝ ሴቸል ቃሉን የሚያጥፍ ሰው እንዳልነበረ አገሩ ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ቴርዛም ከሁሉ ይልቅ ታውቅ ነበር። የደረሰው መከራ ሁሉ የደረሰው ከዚህ እምነት ነው።

ፈተናው እንዲህ ነበረ፦ ከበረዶው መካከል አንድ ብርቱካን ይቀመጣል፤ አራት ተንሸራታቾች በአራት ማዕዘን ይቆማሉ፤ አንድ ጠሪ ድምፁን ከፍ አድርጎ ቅርጹን ያዝዛል፤ አራቱም ባንድነት እየከበቡ፣ እየዞሩ፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው ብርቱካኑን በግራና በቀኝ ይታከኩታል። አንገት ቀና፣ ክንድ ከጎን፣ ትርፉ እግር ከሚሠራው እግር አይለይ፤ ከሁሉ በላይ ወደ መሬት ማየት ነውር ነው። እግሩን የሚያይ ተንሸራታች በእንግሊዞች ዘንድ ሰሃን የሚልስ እንግዳ ማለት ነው። እያንዳንዱ ቅርጽ ባለቀ ጊዜ ጠራጊዎቹ ገብተው የስለቱን ጭረት ይጠርጋሉ፤ የሚቀጥለው ቅርጽ በንጹሕ በረዶ ላይ ይጀመራል።

ጠራጊዎቹ በመጥረጊያቸው ተደግፈው ይመለከቱ ነበር።

«ዛሬስ የእመቤቲቱን ወንበር የሚገፋው ማነው?» አለ አንደኛው።

«ዝም በል፤ ዛሬ አንተን ወንበር ላይ አስቀምጠው ነው የሚገፉህ» አለው ሽማግሌው ጄቤዝ ሎው፤ ሌሎቹም ሳቁ።

የመጀመሪያው ቅርጽ አለፈ፤ ሁለተኛውም አለፈ። በዳኞቹ አለቃ በሻለቃ ፕራየር ፊት ላይ የመገረም ምልክት ታየ፤ ሻለቃው በህንድ አገር ሃያ ዓመት አገልግለው የተመለሱ፣ ቁመተ ረጅም፣ ንግግራቸው አጭር ሰው ነበሩ። ጠሪው የደብሩ ቄስ ሦስተኛውንና የመጨረሻውን ቅርጽ ጠሩ፦ «ወደ ኋላ፣ በውጭ ጠርዝ፤ ሁለት ጊዜ ዙሩ፤ ወደ ፊት፤ መሃል!»

ቴርዛ ከምሥራቅ መጣች፤ አምብሮዝ ከምዕራብ መጣ። እሷ አድማሱን እያየች ነበር። በግራዋ የነፋስ ሽውታ ተሰማት፤ የቀሚሷ ጠርዝ አንዳች ነገር ነካ፤ ብርቱካኑ ከቦታው ተነሥቶ እየተንከባለለ እስከ ቄሱ እግር ድረስ ሄደ። ተሰብሳቢው «እህ» አለ። ዳኞቹ ባዩ ጊዜ፣ በየጎኑ መዳፍ ብቻ መሆን በሚገባው ክፍተት ፈንታ በሁለቱ መካከል ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት ነበረ፤ ከሁለቱ አንዱ መስመሩን ለቅቋል፤ ማን እንደ ለቀቀ ግን መሃሉን የሚያሳየው ብርቱካን ከቦታው የለም። ሻለቃው ወርደው ጭረቱን ለማየት ሲነሡ፣ ጠራጊዎቹ እንደ ልማዳቸው፣ ቅርጹ ማለቁን አይተው፣ ጠርገውታል።

ሦስቱ ዳኞች አንገት ለአንገት ገጥመው ተማከሩ፤ ረጅም ጊዜ አልወሰደባቸውም።

«ወይዘሪት አቭሊንግ መሃሉን ስተው ወደ አቶ ሴቸል መስመር ገብተዋል» አሉ ሻለቃው፤ «አቶ ሴቸል ግጭት እንዳይሆን መንገድ ለቅቋል። እሱ አልፏል፤ እርሳቸው፣ በታላቅ ኀዘን እናገራለሁ፣ አላለፉም።»

«አይደለም፣ ሻለቃ» አለ አምብሮዝ፤ ፊቱ ነጭ ሆኖ ነበር። «የለቀቅሁት እኔ ነኝ። እሷ መስመሯ ላይ ነበረች።»

ዳኞቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ሦስቱም ፈገግ አሉ።

«የጨዋ ልጅ ቃል ነው። ከአንተ ሌላ አልጠበቅንም።»

«የጨዋነት ጉዳይ አይደለም። እውነቱን ነው የምነግርዎ። ቀሚሷ መጣብኝ፤ ፈራሁ፤ ለቀቅሁ።»

«በእርግጥ፣ በእርግጥ» አሉ ሻለቃው፤ ትከሻውንም መታ መታ አደረጉት። «አባትህ በሕይወት ቢኖር ዛሬ ይኮራብህ ነበር።»

እሱ አጥብቆ በተናገረ ቁጥር እነሱ አብዝተው አደነቁት። በዚያ አገር ወንድ ልጅ ስለ ሴት ጥፋት መሸከሙ ሕግ ነው፤ ስለዚህ የእውነት ጥፋተኛ የሆነ ወንድ ጥፋቱን የሚናገርበት ቋንቋ አልነበረውም። ከተሰብሳቢዎቹ መካከል ያጨበጨቡለት ነበሩ።

በመመለሻው መንገድ፣ በደረቀው ሸንበቆ ዳር፣ ቴርዛ ቆመች።

«አሁን ማንም የለም» አለችው። «ንገረኝ።»

«ነግሬሻለሁ። ለቅቄያለሁ።»

«ቃል ገብተህልኝ ነበር።»

«ገብቼ ነበር። ቀሚስሽን ሳየው... ከእግሬ ሥር ሲገባ ታየኝ። አውድቄሽ፣ ፊትሽ በረዶው ላይ... እኔ እንጃ፣ ቴርዛ። እግሬ ነው ያደረገው። እኔ አላሰብኩም።»

«ወይ ቃልህን አጥፈሃል፤ ወይ አሁን እየዋሸህልኝ ነው። የቱ ነው?»

«ቃሌን አጥፌያለሁ።»

እሷ ስትንሸራተት እግሯን አላየችም፤ ማየት ነውር ነውና፤ የት እንደ ረገጠች የምታውቀው በስሜት ብቻ ነበር፤ ስሜት ደግሞ፣ ሦስት ጨዋ ሰዎች ስተሻል ካሏት በኋላ፣ ደካማ ምስክር ነው።

«አላምንህም» አለች በመጨረሻ። «አንተ ቃል የምታጥፍ ሰው አይደለህም። እንደ እነሱ ወንበር ላይ አስቀምጠህ እየገፋኸኝ ነው።»

«ምን ብልሽ ታምኚኛለሽ?»

«መሃሉን የሳትኩት እኔ እንደሆንኩ ብትነግረኝ አምንህ ነበር። አብረንም እናለቅስ ነበር። ምጽዋት ግን አልቀበልም።»

«እንድታምኚኝ ልዋሽልሽ ነው የምትይው?»

የእጅ ሹራቧን አውልቃ ቀለበቱን መዳፉ ላይ አኖረችለት። ጣቷ በብርዱ አብጦ ቀለበቱን አልለቅ ብሎ ነበር፤ እስኪወጣ ድረስ ሁለቱም ጣቷን እያዩ ቆሙ።

ውርጩ ጥቂት ቀን ቆይቶ ሄደ። በቀጣዩ ክረምት ውኃው መስኩ ላይ ተኝቶ ዝናብ ብቻ ተቀበለ፤ በሚቀጥለው በረዶው ጣት ያህል ወፍሮ በሦስተኛው ቀን ተሰባበረ። ቴርዛ የሰዎችን ልጆች እያስተማረች በአባቷ ቤት ኖረች። አምብሮዝን በቤተ ክርስቲያንና በገበያ ቀን ታየው ነበር፤ ባርኔጣውን ያነሣላታል፤ አንገቷን ሰበር ታደርግለታለች፤ ሌላ ነገር በመካከላቸው አልተነገረም። ወደ ለንደን ሄዳ በማሽን ኃይል በሚረጋ ሰው ሠራሽ በረዶ ላይ ሴቶችን እንድታስተምር ጥሪ መጥቶላት ነበር፤ እንቢ አለች። ምክንያቱን ለማንም አልገለጸችም፤ ምናልባት በየገበያው ቀን የሚነሣውን ባርኔጣ ትታ መሄድ አልሆነላት ይሆናል።

በ፲፱፻ ዓመት መግቢያ በደቡብ አፍሪካ ቦሮች ከሚባሉ ሰፋሪዎች ጋር ጦርነት ሆኖ፣ ከየአውራጃው ወዶ ዘማች ሲጠራ፣ አምብሮዝ ሴቸል ስሙን አስጻፈ። በባቡር ጣቢያው የከተማው ማርሽ ባንድ እየነፋ፣ ሕዝቡ እልል እያለ ሸኛቸው። ቴርዛ በዚያ ሰዓት ለሁለት ሴት ልጆች ማካፈል ታስተምር ነበር፤ የባቡሩ ፉጨት ሲሰማ ሒሳቡን ሰሌዳው ላይ ጽፋ ጨረሰችው። በዚያው ዓመት በጁን ወር ብሎምፎንቴን በሚባል ከተማ፣ በድንኳን ውስጥ፣ ጥይት ሳይሆን ተስቦ ገደለው። ከእሱ ጋር በዚያ ወር በተስቦ የሞተው ሰው ብዙ ስለነበረ ጋዜጣው ስሞቹን በትናንሽ ፊደል አተማቸው።

በ፲፱፻፪ ዓመት ፌብሩዋሪ ውርጭ ተመለሰ። ቴርዛ ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነበር። ተንሸራታች በሌለበት ጠዋት ወደ መስኩ ወርዳ ጫማዋን አሰረች። አንድ ሰው ብቻ ነበረ፤ ጄቤዝ ሎው፣ ጎብጦ፣ ያንኑ ሥራ ይሠራል።

«እመቤቴ መጡ!» አለ። «እኔማ ተቆጥተው ቀሩ ብዬ ነበር። እንደዚያ አድርገው ሲፈርዱብዎ እኔ ብሆን መጥረጊያዬን በራሳቸው ላይ ነበር የምሰብረው።»

«በትክክል ነው የፈረዱት፣ ጄቤዝ።»

«ምኑን?» አለ ሽማግሌው፤ ቀና አለ። «ልጁ ለቀቀ እንጂ እርስዎ ምን አደረጉ?»

ቴርዛ ወደ እሱ ጠጋ አለች።

«ብርቱካኑ ጠዋት ሙሉ ፀሐይ መቶት እንደ ሲኒ ያለች ጎድጓዳ ቦታ ሠርቶ ነበር» አለ፤ በመጥረጊያው እጀታ በረዶው ላይ እያሳየ። «እኔ ልጠርግ ስመጣ አየኋት። የእርስዎ ጭረት ከዚህ፣ አንድ መዳፍ። የሱ ከወዲያ፣ ሁለት ክንድ ሙሉ! እንደ ሰከረ ሰው ታጥፏል። የእርስዎ እንዲያ ሲያምር፣ ልጥረገው ወይስ ልተወው አልኩ በልቤ።»

«ለምን ጠረግከው?»

«ሥራዬ ነዋ።»

«ለምን አልተናገርክም?»

«ማን ጠየቀኝ?» አለ ጄቤዝ፤ ቁጣ አልነበረበትም። «ደግሞ ልጁ ራሱ ሲናገር ሰምቼዋለሁ። ሰውዬው እውነቱን እየተናገረ እኔ ምን ልጨምር? ያመኑት መስሎኝ ነበር እኮ።»

በዚያ ቀን ቅርጽ አልሳለችም። ጫማዋን ፈታ ቤቷ ሄደች፤ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ተመልሳ፣ በዚያ በሸንበቆው ዳር፣ እያንዳንዱን ቃሉን ሰማችው፤ በእያንዳንዱም ላይ የሰጠችውን መልስ ሰማች። ሦስቱ ዳኞች ባያምኑት ልማዳቸው ነው። እሷ ግን ሌላ ሁሉ የካደውን ሰው ለማመን ብቻዋን የተጠየቀች ነበረች።

በማግስቱ ወደ ሻለቃ ፕራየር ቤት ሄደች። አርጅተዋል፤ ነገሩን ሁሉ ሳያቋርጡ አዳመጧት፤ ጄቤዝንም አስጠርተው ለብቻው ጠየቁት። ተመልሰውም ገቡ።

«አሳዝኜዎታለሁ» አሉ። «ያን ልጅ ትከሻውን መታሁት። ትዝ ይልዎታል? ትከሻውን መታ መታ አደረግሁት።»

«አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንዎ። ዓርማውን አልፈልግም። መዝገቡ ላይ፣ ሴቸል እውነቱን ተናገረ፣ ብለው ይጻፉልኝ።»

ሻለቃው መዝገቡን አወጡ፤ ደንቡ የተጻፈበትን ገጽ ገለጡ።

«ደንቡ እንዲህ ይላል» አሉ። «በጥንድ ስሕተት አንዱ ይወድቃል፣ አንዱ ያልፋል። እርሱ እውነቱን ተናግሯል ብዬ ከጻፍኩ፣ ወድቋል ብዬ መጻፍ አለብኝ። ዓርማው ይመለሳል። እርስዎ አልፈዋል። በመካከል የምጽፍበት ስፍራ የለም። ነገ ጠዋት አደርገዋለሁ፤ እርስዎ ካዘዙኝ። ግን ዓርማው በእናቱ እጅ ነው።»

ወይዘሮ ሴቸል ከወንዙ በር አጠገብ ባለችው ቤት ድንች እየላጡ ነበር።

«አንቺ ነሽ?» አሉ። «ግቢ፤ በሩን ዝጊው፤ ብርዱን አታስገቢብኝ። ሰባት ዓመት በደጄ ስታልፊ እግርሽ ታስሮ ነበር፤ ዛሬ ማን ፈታው?»

ጥቁር ቀሚሳቸው ላይ፣ ከአንገታቸው በታች፣ የብሩ ዓርማ ነበረ። ዓይኗን ተከትለው በድንች እጃቸው ነካ አደረጉት።

«ይቺን? እሱማ አንድ ቀን እንኳ አላደረጋትም። ከመሳቢያው ሥር ነው ያገኘኋት፣ በካልሲ ጠቅልሏት። ለምን አታደርጋትም ስለው፣ የእኔ አይደለችም እማዬ፣ ይለኝ ነበር። እንዲያ ያለ ትሑት ልጅ ነበር።»

አሮጊቲቱ ሌላ ድንች አነሡ።

«ሠራዊቱ የላከልኝን ታውቂያለሽ? ወረቀት። ጫማውን እንኳ አልላኩልኝም፤ አዲስ ጫማ ነበር። ይቺን አድርጌ ቤተ ክርስቲያን ስገባ ግን ሻለቃው እንኳ ብድግ ይሉልኛል። ምን ልትነግሪኝ ነበር የመጣሽው?»

«ምንም» አለች ቴርዛ። «ልጠይቅዎ ብዬ ነው።»

«እንግዲያው ቢላዋ አንሥተሽ አግዢኝ። አፍሽ ባይሠራ እጅሽ ይሥራ።»

ቁጭ ብላ ድንች ላጠች። በማግስቱ ለሻለቃው በሁለት መስመር ጻፈችላቸው፤ መዝገቡ እንዳለ ይቆይ፤ ስለዚህ ጉዳይም ዳግመኛ አይጠይቁኝ፣ የሚል ነበር። አምብሮዝ ቢጠየቅ ከዓርማው ይልቅ ቃሉ እንዲታመንለት ይመርጥ እንደ ነበር ታውቃለች፤ ሆኖም የሚመርጠው ሞቷል፤ ዓርማውን የለበሱት እናቱ ግን በሕይወት አሉ።

በዚያው ወር በለንደን አንዲት እንግሊዛዊት፣ ሴት አትግባ የሚል ደንብ የለም ብላ፣ ከዓለም ወንዶች ጋር በቅርጽ መንሸራተት ተወዳድራ ሁለተኛ ወጣች፤ ስሟን ጋዜጦች አወሩት፤ ታሪክም ያዘው፤ ይገባታል። ቴርዛ አቭሊንግ ዜናውን በቁርስ ሰዓት አነበበች ይባላል፤ አንብባም ጋዜጣውን አጥፋ ለወይዘሮ ሴቸል ወሰደችላቸው፤ አሮጊቲቱ ዓይናቸው ደክሞ ነበርና በየሳምንቱ ታነብላቸው ጀምራ ነበር። አሮጊቲቱ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ሲሞቱ ዓርማው አብሯቸው ተቀበረ፤ ሻለቃውና ጄቤዝ ሎውም ከእሳቸው በፊት አልፈው ነበር።

የማኅበሩ መዝገብ ተርፏል፤ ቀለሙ ቡናማ ሆኗል እንጂ ይነበባል። የዚያ ቀን ነገር በሁለት መስመር ተጽፏል፦ ሴቸል፣ አልፏል፤ አቭሊንግ፣ መሃሉን ስታለች። ሁለቱም መስመሮች ሐሰት ናቸው፤ ሁለቱም ሐሰት ሆነው እንዲኖሩ ያዘዘች ራሷ ቴርዛ ናት። በዚያ በረዶ ላይ ከነበሩት መካከል እውነቱን በአደባባይ የተናገረ አንድ ሰው ነበረ፤ እሱ እውነቱን ስለ መናገሩ የተጻፈ ምንም ነገር የለም።